ከባት ተነሥቶ ሳንባን የሚዘጋ የደም ጓል

በሽተኛው ኦፕራሲዮን ከሆነ ሳምንት አልፎታል። ቁስሉ ሽሯል፤ ትኩሳቱ ጠፍቷል፤ ዘመዶቹም «ነገ ወደ ቤቱ እንወስደዋለን» እያሉ ልብሱን ያዘጋጃሉ። ከአልጋው ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ እንደ ሄደ ግን ትንፋሹ ይቈረጥና ይወድቃል። ይህን የመሰለ አሟሟት በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ሲያዩት ኖረዋል። ዘመድም «ድኖልን አልነበረምን? ቀኑ ደርሶ ነው» እያለ ያለቅሳል።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ነገር ድንገተኛው ፍጻሜው ብቻ ነው። መነሻው ከቀናት በፊት፥ ከሳንባም እጅግ ርቆ፥ አብዛኛውን ጊዜ በእግር ውስጥ ነው። እንግዲህ በመካከሉ ባሉት ቀናት አደጋውን ለመከላከል፥ ቢመጣም ቶሎ ለማወቅ ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህም ጊዜ በአብዛኛው የሚገኘው ቀንና ሌሊት ከአልጋው አጠገብ በማይለዩት በነርሷና በአስታማሚው እጅ ነው።

እርስዎ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ማወቅ ምን ያደርግልኛል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን ዘመዱ ሆስፒታል ተኝቶበት ስንቅ ይዞ ያልሄደ፥ በወንበር ላይ ተቀምጦ ያላደረ ሰው ማን ነው? ዛሬ ባይደርስብዎት ነገ አስታማሚ መሆንዎ አይቀርም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ሁለተኛው ልብ

ደም መርጋቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሽንኩርት ሲከትፉ ቢላዋ ጣትዎን ቢቈርጥዎት ደሙ ጥቂት ፈሶ የሚቆመው ስለሚረጋ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ በትንሽ ጭረት ደማችን ተንጠፍጥፎ ባለቀ ነበር። ችግር የሚመጣው ደም የሚፈስበት ቁስል ሳይኖር በገዛ ቧንቧው ውስጥ እንደ እርጎ ሲረጋ ነው።

ልብ ደምን ወደ እግር በኀይል ይገፋዋል። ወደ ላይ ሲመለስ ግን ጉዞው አቀበት ስለ ሆነ ረዳት ያስፈልገዋል። ረዳቱም የባት ጡንቻ ነው። እርስዎ በተራመዱ ቍጥር ባትዎ በውስጡ ያሉትን ደም ሥሮች ይጨምቃቸዋል፤ በደም ሥሮቹም ውስጥ ትንንሽ መዝጊያዎች ስላሉ ደሙ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች መመለስ አይችልም። ባት «ሁለተኛ ልብ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ሰው ለብዙ ቀናት ያለ እንቅስቃሴ ሲተኛ ይህ ሁለተኛ ልብ ሥራውን ያቆማል። ደሙም በመዝጊያዎቹ ጓሮ እንደ ቆመ ውሃ ይተኛል፤ በዚያም ቀስ እያለ ይጓጕላል።

ጓሉ በቦታው ቢቀር እግርን ያሳብጣል፥ ያሳምማል። ተቈርሶ ከተነሣ ግን መንገዱ እየሰፋ የሚሄድ ነው። ከባት ወደ ጭን፥ ከጭን ወደ ሆድ፥ ከሆድ ወደ ቀኝ ልብ የሚያግደው ሳይኖር ይደርሳል። ቀኝ ልብም ወደ ሳንባ ይወረውረዋል። በሳንባ ውስጥ ደም ሥሮቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየጠበቡ ስለሚሄዱ ጓሉ እዚያ ይቀረቀራል። ሰውዬው አየር ይስባል፤ አየሩም ይገባል፤ ነገር ግን አየሩን የሚቀበለው ደም በበሩ ተዘግቶ ቀርቷል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የቀኝ ልብ መከራ ነው። ግድግዳው ስስ፥ የለመደውም ቀላል ሥራ ስለ ሆነ፥ ትልቅ ጓል በፊቱ ሲጋረጥበት እየገፋ እየገፋ ይደክማል። በትልቅ ጓል ምክንያት የሚሞት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ይህ ልብ ሲሸነፍ ነው።

የበርሊኑ ሐኪምና ሦስቱ ምክንያቶች

ጓሉ ከሌላ ቦታ ተጉዞ ወደ ሳንባ እንደሚመጣ ያስረዳው ሩዶልፍ ፊርሖ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1846 ዓ.ም. በበርሊን ሬሳ እየመረመረ ሲሠራ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። በሳንባ ውስጥ የሚያገኘው ጓል በእግር ደም ሥር ውስጥ ከቀረው ቍራጭ ጋር እንደሚመሳሰል ተመለከተ። ይህንንም ለማረጋገጥ የጎማ ቍራጭ በውሾች ደም ሥር ውስጥ አስገብቶ ቍራጩን በሳንባቸው ውስጥ አገኘው። የፊርሖ የልደት ቀን ኦክቶበር 13 ከ2014 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የደም መርጋት በሽታ የሚታሰብበት ቀን ሆኗል።

ዛሬ ተማሪዎች በፊርሖ ስም የሚያጠኗቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የደም መዘግየት ነው፤ ይህም መተኛትና ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ያመጣው ነው። ሁለተኛው የደም ሥር ግድግዳ መጐዳት ነው፤ በኦፕራሲዮን፥ በስብራት ወይም በሌላ አደጋ ይሆናል። ሦስተኛው ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲያዘነብል ነው፤ ይህም በእርግዝና፥ በካንሰር፥ በአንዳንድ የወሊድ መከላከያ ክኒኖች ወይም በትውልድ ሊመጣ ይችላል። ጭኑ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ከሁለቱ በላይ በአንድ ጊዜ እንደ ደረሰበት ልብ ይበሉ።

መቀመጥ ብቻውን ሊጐዳ መቻሉ በ1940 በለንደን ታይቷል። ጀርመኖች ከተማይቱን በቦምብ ሲደበድቡ ሕዝቡ ሌሊቱን በመጠለያ ውስጥ በታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበረ። የወንበሩ ጠርዝ ከጕልበት በስተኋላ ያለውን ደም ሥር ይጫነዋል። ኪት ሲምፕሰን የተባለው የሬሳ መርማሪ ሐኪም ከቦምብ ያመለጡ ሰዎች በሳንባ ጓል እየሞቱ መሆናቸውን አይቶ በዚያው ዓመት ጻፈ፤ በወንበር ፈንታ መኝታ እንዲደረግላቸውም መከረ።

በእኛ ዘመን ደግሞ የረጅም መንገድ ጉዞ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ጥናት፥ ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ በአውሮፕላን፥ በአውቶቡስ፥ በመኪና ወይም በባቡር የተጓዘ ሰው የሚያገኘው አደጋ ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። በመሠረቱ አደጋው ትንሽ፥ ከስድስት ሺህ ጤነኛ ተጓዦች አንዱን ያህል የሚነካ ስለ ሆነ ጉዞን አይፍሩ፤ ነገር ግን አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ወርደው ይንሸራሸሩ፤ በአውሮፕላንም ውስጥ ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ።

ስለ አራስ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ደም ለመርጋት እጅግ የሚቀናባቸው ናቸው። አራስን ማሳረፍ፥ ገንፎ ማብላት፥ ከከባድ ሥራ መጠበቅ መልካም ባህላችን ነው። ዕረፍት ማለት ግን ከአልጋ አለመውረድ ማለት አይደለም። በጓዳና በእልፍኝ መካከል በየጊዜው ብትራመድ፥ በቂ ፈሳሽም ብትጠጣ ዕረፍቷን አይነካባትም።

በሽተኛው ሲናገር ያድምጡ

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ከእግር እንጀምር። አንደኛው እግር ብቻ ሲያብጥ፥ ባቱ ሲያም፥ ሲሞቅ ወይም ሲቀላ መጠርጠር ይገባል። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለ ሁለቱን ባቶች በተመሳሳይ ቦታ ለክቶ ማስተያየት ቀላል ነው፤ ልዩነቱ ከሦስት ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ሐኪሞች እንደ ጽኑ ምልክት ይቈጥሩታል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ እግሩን አለማሸት ነው። «ደሙ ተቋጥሮበት ነው» ብለው ቅቤ ቀብተው የሚያሹ፥ ወጌሻ የሚጠሩም አሉ። ያ እጅ ግን ተጣብቆ የነበረውን ጓል ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

ጓሉ ሳንባ ሲደርስ በድንገት የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር፥ በጥልቅ ሲተነፍሱ እንደ ጩቤ የሚወጋ የደረት ውጋት፥ የልብ በፍጥነት መምታት፥ አንዳንድ ጊዜ ደም የተቀላቀለበት ሳል ወይም ራስን መሳት ይታያል። ሁሉም በአንድ ሰው ላይ አይሰበሰቡም። አንዳንዱ ምንም ሳያምመው «አንድ ክፉ ነገር ሊሆንብኝ ነው» የሚል ፍርሃት ብቻ ይይዘዋል። ይህን ቃል ማናናቅ አይገባም።

ዝነኛዋ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ሴሬና ዊሊያምስ በ2011 በዚህ በሽታ ታማ ነበረ። በሴፕቴምበር 2017 በኦፕራሲዮን ወለደች፤ በማግስቱም ትንፋሽ አጠራት። ራሷ በኋላ እንደ ተናገረችው፥ ያለፈውን ሕመሟን ታውቀው ስለ ነበረ ወዲያው ወደ ነርሷ ሄዳ በሲቲ ስካን እንድትታይና ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት እንዲሰጣት ጠየቀች። ነርሷ ግን የሕመም ማስታገሻው አደናግሯት ይሆናል ብላ አሰበች። ቀጥሎም እግሯ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ምንም አልተገኘበትም። በመጨረሻ ሲቲ ስካኑ ሲነሣ በሳንባዋ ውስጥ በርከት ያሉ ትንንሽ ጓሎች ተገኙ። ስሟ በዓለም የታወቀው ሴት ይህን ያህል ካስፈለጋት፥ ከገጠር መጥታ በጥጉ አልጋ ላይ የተኛችውና «ሲስተር፥ ትንፋሼ አጠረኝ» ለማለት የምታፍረው እናትማ ምን ያህል ያስፈልጋታል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የተናገረውንም የሚሰማው ካጣ ያው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

እንዲህ ያለ ምልክት የታየበትን በሽተኛ ብቻውን ትቶ መሄድ አይገባም። አስታማሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰው ይጥራ። ነርሷም የአልጋውን ራስጌ ከፍ ታደርጋለች፤ ቀና ብሎ የተቀመጠ ሰው ደረቱ ይከፈትለታልና። ራሱን የሳተ ወይም የደም ግፊቱ የወረደ ከሆነ ግን በጀርባው መተኛት አለበት። ቀጥሎ ኦክሲጅን በአፍንጫው ወይም በጭንብል ይደረግለታል። በጣት ጫፍ ላይ እንደ ልብስ መቈንጠጫ የምትያዘው መሣሪያ ከ90 በታች ካሳየች ኦክሲጅኑ አላነሰምን ብሎ መመርመር ያስፈልጋል።

ነርሷ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቈጥራለች። ዐርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ትልቅ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ልቡም ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። የላይኛው የደም ግፊት ቍጥር ከ90 በታች መውረድ ልብ መሸነፍ እንደ ጀመረ የሚናገር ከባድ ምልክት ነው። እነዚህን ቍጥሮች ከሰዓቱ ጋር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ የሚፈርደው በአንድ ቍጥር ሳይሆን ቍጥሮቹ ወዴት እንደሚያመሩ አይቶ ነው። መድኃኒት የሚገባበት መርፌም በእጁ ላይ አስቀድሞ ይተከልለታል። ወደ ራጅ ወይም ወደ ሲቲ ስካን ክፍል ሲሄድ በእግሩ አይሂድ፤ በአልጋ ይወሰድ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት አለ፤ እርሱም የሰው ቃል ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይፈራል፤ ሲፈራም ይበልጥ ያለከልካል። እጁን ይዞ የሚደረግለትን ነገር በተረጋጋ ድምፅ የሚነግረው ሰው ትንፋሹን ሊያበርድለት ይችላል። በአልጋው ዙሪያ ተሰብስቦ ማልቀስ ግን በሽተኛውን ይጐዳዋል።

መድኃኒቶቹ እንዴት ተገኙ?

ተማሪዎች ሆይ፤ ይህ ታሪክ የእናንተ ነው። በ1916 በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ፥ ደምን የሚያረጋ ነገር እንዲፈልግ በአስተማሪው በዊሊያም ሃወል ታዝዞ ነበረ። ከውሻ ጕበት ያወጣው ነገር ግን ደሙን እንዳይረጋ አደረገው። የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ አልጣለውም፤ ደግሞ ደጋግሞ ፈተነው። ሃወልም በ1918 ከግሪክኛው የጕበት ስም ወስዶ ሄፓሪን ብሎ ሰየመው።

ሁለተኛው መድኃኒት የመጣው ከከብቶች በረት ነው። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ማገጥን የሚመስል የመኖ ሣር በድርቆሽነት ሻግቶ የበሉ ላሞች በትንሽ ጭረት ደማቸው እየፈሰሰ ያልቁ ጀመር። በ1933 ክረምት አንድ ገበሬ የሞተች ጊደርና በጣሳ የያዘውን የማይረጋ ደም ይዞ፥ በበረዶ ውሽንፍር ተጕዞ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ካርል ሊንክ ዘንድ ደረሰ። ሊንክና ተማሪዎቹ ስድስት ዓመት ያህል ደክመው በሻጋታው ውስጥ ያለውን ነገር ለይተው አወጡት። ከዚሁ ዘር የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መርዝነት ወጣ፤ በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ፤ በ1955ም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን በታመሙ ጊዜ ተሰጣቸው። ከ2008 ወዲህ ደግሞ እንደ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ያሉ፥ ዘወትር የደም ምርመራ የማይጠይቁ ክኒኖች መጥተዋል።

መድኃኒቶቹ በእርግጥ ያድናሉን? ይህን በ1960 ባሪትና ጆርዳን የተባሉት ሐኪሞች በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ፈተኑት። መድኃኒቱን ካልወሰዱት 19 በሽተኞች 5ቱ በሳንባ ጓል ሞቱ። ከወሰዱት 16 ግን በጓል የሞተ አልነበረም። ሐኪሞቹም መድኃኒቱን መከልከሉ አላስቻላቸውምና ሙከራውን አቋረጡት።

ሰዎች እነዚህን «ደም ማቅጠኛ» ይሏቸዋል። ነገር ግን ደምን አያቀጥኑም፥ የረጋውንም አያሟሙም። ሥራቸው ጓሉ እንዳያድግና ሌላ እንዳይጨመርበት መከልከል ነው፤ የረጋውን የሚያሟሟው ሰውነት ራሱ በጊዜው ነው። ልብ እየተሸነፈ ይህን ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለ፥ እንደ አልቴፕሌዝ ያለ ጓል የሚያሟሟ ብርቱ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ብርታቱ ግን ደም ሊያፈስ ስለሚችል ለሁሉ አይሰጥም። ጓሉን በኦፕራሲዮን ማውጣትም አለ። ትሬንደለንቡርግ የተባለው ጀርመናዊ በ1908 ይህን ሞክሮ ካከማቸው በሽተኞች አንድም አልዳነለትም፤ ተማሪው ኪርሽነር ግን በ1924 አዳነ።

ጠባቂው አስታማሚ

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ሥራው የጥበቃ ነው። ሄፓሪን ብዙውን ጊዜ በሆድ ቆዳ ሥር ይወጋል፤ ከተወጋም በኋላ ቦታውን ማሸት ደም ስለሚያቋጥር አይገባም። በጡንቻ ላይ መርፌ መውጋትም ይቀራል። ነርሷና አስታማሚው በየቀኑ ድድ፥ ሽንትና ዓይነ ምድር ያያሉ። ድዱ ከደማ፥ ሽንቱ ከቀላ፥ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቈረ፥ ወይም ያልተለመደ ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ ፈጥኖ ለሐኪም መንገር ነው። የጥርስ ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከሱቅ የሚገዙት እንደ አስፕሪን፥ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ክኒኖች ደም መፍሰስን ስለሚያብሱ ሐኪም ሳይጠይቁ አይወሰዱም።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ በየጊዜው ይመረመራል፤ አይኤንአር የሚባለው ቍጥር ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው ልዩ ምክር አለ። ጎመን ቫይታሚን ኬ የሚባለው ነገር የበዛበት ስለ ሆነ የዋርፋሪንን ኀይል ይቀንሳል። በጾም ወራት ጎመን በየቀኑ የሚበላ፥ በፍስክ ደግሞ ከነጭራሹ የሚተወው ሰው ቍጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል። ጎመኑን ይተው ማለት አይደለም፤ በዓመቱ ሁሉ መጠኑን ያስተካክል፤ ጾም ሲገባና ሲፈታም ለሐኪሙ ይንገር። እርጉዝ ሴት ግን ዋርፋሪን ፅንስን ስለሚጐዳ በሄፓሪን ትታከማለች። ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ለአንዳንዱም ከዚያ ይረዝማል። «ተሽሎኛል» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

አልጋን በጊዜ መተው

በቀድሞ ዘመን ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ሁለትና ሦስት ሳምንት እንዳይነሣ ይታዘዝ ነበረ። ለቁስሉ በማዘን የተደረገው ይህ ደግነት እግሩን ይበድለው ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ በዲትሮይት የሠራው ዳንኤል ላይትሃውዘርና ሌሎችም ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን በማግስቱ ወይም በዚያው ቀን ማስነሣት ጀመሩ። ብዙዎች ቁስሉ ይከፈታል ብለው ፈሩ፤ ቁስሉ ግን አልተከፈተም። ዛሬ ሐኪሙ ከፈቀደ በሽተኛን ቶሎ ማስነሣት የነርስ ዋና ሥራ ነው። መነሣት ለማይችለው ደግሞ እግሩን በአልጋው ላይ ማንቀሳቀስ፥ አደጋው ለበዛበትም ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን መርፌ አስቀድሞ መስጠት፥ ወይም እግሩን እየጨመቀ የሚለቅ መሣሪያ ማድረግ ተገቢ ነው። በሳንባው ጓል የተገኘበትም ሰው መድኃኒቱ ከተጀመረለትና ልቡ ከጸና በሐኪም ፈቃድ ይራመዳል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ዘመድዎን ሊጠይቁ ሲሄዱ ብርቱካንና ለስላሳ መጠጥ መውሰድዎ መልካም ነው። ነገር ግን ነርሷን «እንዲራመድ ተፈቅዶለታልን?» ብለው ይጠይቁ። የተፈቀደለት ከሆነ ትራሱን ከማደላደል ይልቅ ክንድዎን ይስጡት፤ እስከ መስኮቱ፥ ነገም እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ያድርሱት። «አሞኛል፥ ተወኝ» ቢልዎት «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ያስቁት። ሁለቱን እግሮቹንም ይመልከቱ፤ አንደኛው ካበጠ ሳያሹ ሳይደብቁ ለነርሷ ይናገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ያለው አባት ምን ያህል እውነት እንደ ተናገረ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።